እግር ከነካ አበቃ

«ከአሶሳ እስከ በልጎሻ! እግሯ መሬት ሳይነካ!»

ጋሽ ምስጋና በድምፅ ማጉያው ሲጮኽ የቀበሌው አዳራሽ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ነዕማ ባለአንድ ጎማው ብስክሌት ላይ ሆና ፔዳሉን ግማሽ ወደፊት ግማሽ ወደኋላ እየረገጠች እዚያው ቦታ ላይ ሚዛኗን ትጠብቃለች። በዚህች ሰዓት እጆቿን ዘርግታ ፈገግ ማለት ነበረባት፤ የተለማመዱት እንደዚያ ነው። እሷ ግን ጥርሷን ነክሳለች።

«ፈገግ በይ እንጂ ነዕማ! ባለሥልጣናት ናቸው የሚያዩሽ፣ ደመኞችሽ አይደሉም!»

ልጆቹ ሳቁ። ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው ቢታንያ ናት። ያንን ሳቅ ስትሰማ የነዕማ ደም ፈላ። ይህን የ«እግሯ መሬት ሳይነካ» ወሬ ለአገሩ ሁሉ የነዛችው ቢታንያ ናት፤ ውሸት መሆኑን ከነዕማ ሌላ የምታውቀውም ያችው ቢታንያ ናት። ታዲያ ምን ያስቃታል?

ነገሩ የጀመረው ጋሽ ምስጋና ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ጊዜ ነው። ክልሉ ያኔ ገና አዲስ ነበር። ቢሮው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፣ የኃላፊዎቹ ወንበር ላስቲክ እንኳ ገና አልተገፈፈም። መምህሩም ሠራተኛውም ከየአገሩ እየተመደበ ይጎርፋል። ጋሽ ምስጋና የስፖርት መምህር ነው፤ ሲመጣ ከአልጋና ከፍራሽ ጋር አንድ የሰርከስ ቡድን የጣለውን ባለአንድ ጎማ ብስክሌት ጭኖ መጣ። መሪ የለው፣ ፍሬን የለው፤ አንድ ጎማ፣ አንድ ኮርቻና ሁለት ፔዳል፣ በቃ። የአሶሳ ልጆች አይተውት «ጎዶሎ» አሉት፤ ስሙም ጎዶሎ ሆኖ ቀረ።

ጋሽ ምስጋና ካሰባሰባቸው የስፖርት ቡድን ልጆች መሀል ከጎዶሎ ላይ ያልወደቀ የለም። የገሩት ግን ሁለት ብቻ ናቸው፤ ነዕማና ኦሊያድ። አዳራሽ ውስጥ መሽከርከር ሲሰለቻቸው ወደ መንጌ በሚወስደው መንገድ ወጥተው ርቀት መንዳት ጀመሩ። ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። አንዱ ሲነዳ ሌላ ሰው በብስክሌት ተከትሎ ያያል። እግር መሬት ከነካ አበቃ። ያበቃበት ቦታ ላይ የነጂው ስም የተጻፈበት ኖራ የተቀባ ድንጋይ ይቀመጣል፤ በሌላ ቀን ከዚያ ካለፈ ድንጋዩን ተሸክሞ ወደፊት ያዛውረዋል።

የነዕማ የመጀመሪያ ድንጋይ ከከተማው መውጫ እንኳ አላለፈም ነበር። ከዚያ በየቅዳሜው ትንሽ ትንሽ እየገፋችው ሄደች። ጠጠሩ ሲያንገጫግጫት ጥርሷ ይጋጫል፤ ኮርቻው ጭኗን ይልጣታል፤ ማታ ደረጃ መውጣት ያቅታታል። ግን ድንጋይዋን አቅፋ ካለፈው ሳምንት ቦታ አሳልፋ ስታስቀምጠው የሚሰማት ደስታ ከምንም አይወዳደርም። ማንም ያልሰጣት፣ የራሷ የሆነ ነገር ነበር።

በኋላ ጋሽ ምስጋና በክልሉ ምሥረታ በዓል ላይ ቡድኑ ስታዲየም ገብቶ ትርኢት እንደሚያሳይ ነገራቸው። ጎዶሎ ያለው አንድ ነው፤ ስለዚህ ድንጋዩ የራቀው ይነዳል ተባለ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ቀረ።

ኦሊያድ እስከ ድልድዩ ድረስ ነዳ። እዚያ ሲደርስ የከብት መንጋ ድልድዩን ሞልቶት ጠበቀው። ዞረ፣ ተወዛወዘ፣ «ዞር በል!» እያለ በሬውን ለመነው፤ በሬው ወይ ፍንክች! አንድ እግሩን አወረደ። የዚያን ቀን ስትከተለው የነበረችው ነዕማ ናት።

«አበቃ!» አለች።

«ምኑ ነው የሚያበቃው? ከብት እኮ ነው! አልደከመኝ፣ አልወደቅኩ!»

«እግር ነካ።»

«አቦ ነዕማ፣ አትቀልጂ!»

«እግር ከነካ አበቃ። ከብት ይሁን ጅብ ይሁን ሕጉ አያውቅም።»

ኦሊያድ ድንጋዩን ድልድዩ አፍ ላይ አስቀመጠ። ከተማ እስኪገቡ ድረስ ጎዶሎን እየገፋ ቀድሟት ሄደ። ነዕማ ያን ቀን በራሷ ኮርታ ነበር፤ ሕግ ሕግ ነው ብላ።

ከዚያ የእሷ ተራ ደረሰ። ቢታንያ የአባቷን የመሥሪያ ቤት ብስክሌት ይዛ ተከተለቻት። የቢታንያ አባት ከጎንደር ተመድቦ የመጣ የቢሮ ሠራተኛ ነው። ያ ቀን ለነዕማ የተሠራ ይመስል ነበር። ዳገቱ አልከበዳትም፤ ነፋሱ ከኋላዋ ነው፤ ከሩቅ የኦሊያድ ነጭ ድንጋይ ድልድዩ አፍ ላይ ታያት። «አለቀ!» ብላ ጮኸች ቢታንያ ከኋላዋ። «በቃ አለፍሽው!»

ድልድዩ ሳይደርስ ግን አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። ማንጎው ሥር ወንዶች ሰሌን አንጥፈው ተቀምጠዋል፤ ከግቢው የሴቶች ለቅሶ ይሰማል።

ይህን ነዕማን ቁጭ አድርጎ ያስተማራት የለም። አብሯት ያደገ ነገር ነው። ለቅሶ ባለበት ደጅ በአህያም ይሁን በብስክሌት ተቀምጦ አይታለፍም። ይወረዳል፤ እጅ ተዘርግቶ ለሟቹ ፋቲሓ ይቀራል፤ ከለቀስተኛው ዓይን እስኪሰወሩ ድረስም በእግር ይኬዳል። አላሰበችም፤ እግሯ ከሐሳቧ ቀድሞ ወረደ። መዳፎቿን ዘርግታ ቆመች። ከሰሌኑ ላይ ጢማቸው የሸበተ ሰው ብድግ ለማለት ሞክረው አልሆን ሲላቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኗት።

ከንፈሯ ፋቲሓውን ይቀራል፤ ዓይኗ ግን ድንጋዩ ላይ ነው። ተናደደች። በሞተው ሰው ተናደደች፤ ዛሬን መርጦ በመሞቱ ተናደደች። በኋላ ይህን ባስታወሰች ቁጥር ፊቷ በሐፍረት ይግል ነበር።

የኦሊያድን ድንጋይ ያለፈችው በእግሯ፣ ጎዶሎን እየገፋች ነው። ከለቅሶው ከተሰወረች በኋላ ግን ንዴቷን የምታደርግበት አጥታ እንደገና ወጣችበትና አክስቷ ዐፊፋ የሚኖሩበት በልጎሻ ድረስ ነዳችው። ሲያዩዋት አክስቷ ደነገጡ። «እንደዚህ ሆነሽ የትም አትሄጂም» ብለው እዚያው አሳደሯት። ቢታንያ ብስክሌቷን አይሱዙ ላይ ጭና ብቻዋን ወደ አሶሳ ተመለሰች።

በማግስቱ ነዕማ አዳራሹ ስትገባ ልጆቹ ተንጋግተው ተሸከሟት። «በልጎሻ! በልጎሻ!» ጋሽ ምስጋና ዓይኑ እንባ አቅርሮ አቀፋት። ኦሊያድ በሩ አጠገብ ቆሞ ቆየና መጥቶ እጁን ዘረጋላት። «አሸነፍሽኝ» አለ። ነዕማ ወደ ቢታንያ ዞረች። ቢታንያ ጠቀሰቻት። ያኔ ነበር መናገር፤ አፏን ከፈተች፣ ግን የኦሊያድን እጅ ጨብጣ ዝም አለች። ሰው የሚናደደው በሌላ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ኑሮ ቀላል ነበር።

ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ንዴቱ እያደር ባሰባት እንጂ አልበረደላትም። የዛሬው ልምምድ እንዳለቀ ቢታንያን ክንዷን ይዛ ከአዳራሹ ጀርባ ወሰደቻት።

«ለምን ዋሸሽ?»

«ደግሞ ጀመርሽ? ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ደክሞሽ አይደለም የወረድሽው፣ ለለቅሶ ነው። ለለቅሶ መውረድ ደግሞ ምኑ ነው መውረድ?»

«የኦሊያድ ከብትስ?»

«እሱ ሌላ ነው።»

«በምን?»

«እሱ አንቺ አይደለማ!» አለች ቢታንያ፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «እዚህ አገር ስመጣ ያናገረኝ ማን ነበር? ሁሉም እንደ እንግዳ ነው የሚያየኝ። አንቺ ነሽ አብረሽኝ የተቀመጥሽው። ታዲያ ላንቺ ብዋሽ ምናለበት? ስታሸንፊ ማየት ፈልጌ ነው!»

«እኔ ለምኜሻለሁ? የነዳሁት እኔ ነኝ! የተላጥኩት እኔ ነኝ! ድንጋዬን ከከተማው መውጫ ጀምሮ የተሸከምኩት እኔ ነኝ! አሁን የት ላስቀምጠው? በልጎሻ እንዳላስቀምጠው ውሸት ነው፤ ማንጎው ሥር እንዳላስቀምጠው ሰው ሁሉ ያውቅብኛል። የነበረኝን ወስደሽ ያልነበረኝን ሰጠሽኝ!»

«አመስጋኝ እንኳ አትሆኚም» አለች ቢታንያ፣ ክንዷን መንጭቃ ሄደች።

ነዕማ በዚያው ንዴቷ ወደ ጋሽ ምስጋና ገባች። ጋሽ ምስጋና ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው። ያሰበው ነገር ሁሉ ትናንት ቢያልቅ ደስ የሚለው ዓይነት።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። በልጎሻ የሄድኩ ቀን መንገድ ላይ…»

«ነዕማ፣ ነዕማ» አላት እጁን አንሥቶ። «ምን እንደሆነ አልጠይቅሽም፤ አትንገሪኝ። ፕሮግራሙ ታይፕ ተደርጎ አልቋል። ሴት ልጅ፣ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ልጅ፣ በአንድ ጎማ በልጎሻ ድረስ! ለአዲሱ ክልል እንዴት እንደሚያምር ገብቶሻል?»

«ኦሊያድስ?»

ጋሽ ምስጋና አንገቱን አሻሸ። «ኦሊያድ ጎበዝ ልጅ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል።»

ነዕማ ወጣች። እሷ ነጂ መሆን ነበር የፈለገችው፤ ለካ የግድግዳ ሥዕል አድርገዋታል። ሥዕል ደግሞ አይናገርም።

የመጨረሻው ልምምድ ቅዳሜ፣ ከገበያው አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ነበር። የገበያው ሰው ቅርጫቱንና ከረጢቱን እንደያዘ ሜዳውን ከበበው። ነዕማ በጎዶሎ ክብ እየሠራች ትዞራለች፤ ኦሊያድ ከሌሎቹ ጋር ባንዲራ ይዞ ዳር ቆሟል። ጋሽ ምስጋና ማጉያውን አነሣ። «ከአሶሳ እስከ በልጎሻ! እግሯ መሬት ሳይነካ!» ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ሴቶቹ እልል አሉ።

ከጭብጨባው መሀል ጢማቸው የሸበተ ሰው አህያቸውን እየሳቡ ሰዉን ሰንጥቀው ወደ ሜዳው ገቡ። ነዕማ ገና ስታያቸው አወቀቻቸው። ጎዶሎን አቁማ ወረደች።

«አንተ! የጎማ ልጅ!» አሉ፣ ፊታቸው በርቶ፣ ሴትና ወንድ በማይለይ አማርኛቸው። እጇን በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ይሄ ልጅ ታውቃላችሁ? እኔ ዐብዱልቃድር ነው። ልጄ በወባ ሞተ፣ እኛ ማንጎ ሥር ተቀምጧል። መኪና መጣ፣ አልቆመም፣ ጥሩምባ ነፋ፣ አቧራ አለበሰን። ትልቅ ሰው ነው የሚነዳው! ይሄ ትንሽ ልጅ መጣ፣ ወረደ! ፋቲሓ ቀራ! እስከ ድልድዩ በእግሩ ሄደ! ወላሂ፣ እኔ ይሄን አይረሳም።»

ጋሽ ምስጋና ማጉያውን ቀስ አድርጎ አወረደው። ኦሊያድ ባንዲራውን እንደያዘ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ።

ቢታንያ ቀላች። ከዚያ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ከልጆቹ መሀል ወጣች። «አባባ ተሳስተዋል» አለች፣ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ። «ያቺ ሌላ ልጅ ትሆናለች። ነዕማ ምንም አልወረደችም። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ፣ እኔ አይቻለሁ።»

አንዳንድ ልጆች ሳቁ። «ሽማግሌው ተምታታባቸው» አለ አንዱ።

ዐብዱልቃድር የነዕማን እጅ አልለቀቁም፤ ግን መዳፋቸው ሲላላ ተሰማት። ፊቷን አተኩረው አዩት። «አልወረደም?» አሏት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንተ አይደለም?»

ነዕማ ዝም ብትል ያበቃል። ሽማግሌው ተሳስተዋል ይባላል፤ አህያቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ከነገ በስቲያ ስታዲየም ገብታ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ትነዳለች። ብቻ የልጃቸውን ለቅሶ ጎማዋ ላይ እንደተቀመጠች ያለፈች ልጅ ትሆናለች። ለሳቅ ሲባል፣ ለፕሮግራም ሲባል፣ ለቢታንያ ሲባል! የላላውን መዳፋቸውን አጥብቃ ያዘች።

«ወርጃለሁ!» አለች።

ቢታንያ ራሷን በኃይል ትነቀንቃለች። ነዕማ ፊቷን ወደ ልጆቹ አዞረች።

«ወርጃለሁ። ድልድዩ ሳይደርስ፣ ማንጎው ሥር ወርጃለሁ። የኦሊያድን ድንጋይ ያለፍኩት በእግሬ ነው። ሽማግሌው አልተሳሳቱም። ማንም እንዳይስቅባቸው!»

ከዚያ በበርታ ቋንቋ የልጃቸውን ነፍስ ይማር ብላ ለዐብዱልቃድር ነገረቻቸው። እሳቸው ሁሉም ሰው ለምን እንዲህ እንደተቆጣ አልገባቸውም። ልጅቷ ወርዳለች፣ ወርጃለሁ ብላለች፤ ሌላ ምን ቀረ? ራሷን በእጃቸው ዳስሰው መረቋትና አህያቸውን እየሳቡ ወደ ገበያቸው ሄዱ።

«ነዕማ…» አለ ጋሽ ምስጋና።

ነዕማ ጎዶሎን እየገፋች ኦሊያድ ፊት አቆመችው። «ውሰድ። ያንተ ድንጋይ ይርቃል።»

ኦሊያድ አልተቀበላትም። ዓይኑ ቀልቷል። «እጄን ዘርግቼልሽ ነበር» አለ። «አሸነፍሽኝ ብዬሻለሁ። ጨብጠሽኝ ዝም አልሽ።»

«አዎ።»

«ለእኔ ከብት ግን አንዲት ስንዝር አልተውሽልኝም።»

«አዎ።»

ሰበብ ቢኖራት ትሰጠው ነበር፤ አልነበራትም። ኦሊያድ ባንዲራውን መሬት ላይ ተክሎ ጎዶሎን ከእጇ መነጨቀ፤ ወጣበትና ወደ ሜዳው መሀል ነዳው። ጋሽ ምስጋና ትንሽ አመነታና ማጉያውን አነሣ። «ከአሶሳ…» ብሎ ቆመ፤ «ከአሶሳ እስከ ድልድዩ!» አለ። ድምፁ እንደ በፊቱ አልሞቀም፤ ግን አለ።

ቢታንያ ሜዳው ዳር ተቀምጣ ታለቅሳለች። ነዕማ በአጠገቧ ስታልፍ ቀና አለች። «በሰው ሁሉ ፊት ውሸታም አደረግሽኝ!»

«እኔ አይደለሁም ያደረግኩሽ» አለች ነዕማ። ልታባብላት አልፈለገችም። አሁንም እንደተናደደች ነው፤ የሚበርድላት መቼ እንደሆነም አታውቅም።

ልምምዱ ሲያልቅ ሰው ተበተነ። ነዕማ ግን ወደ ቤት አልሄደችም፤ ሜዳው መውጫ ላይ ቆማ ኦሊያድ ጎዶሎን እየገፋ እስኪመጣ ጠበቀችው። አይቷት ሊያልፍ ሲል መንገዱን ያዘችበት።

«በዓሉ ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜ እንደገና እነዳለሁ። ከከተማው መውጫ ጀምሬ። ብስክሌት ተከራይና አንተ ተከተለኝ።»

«እኔ?» ኦሊያድ የሚያሾፍ መስሎ ሊስቅ ሞከረ። «ቢታንያሽስ?»

«ቢታንያ አይደለችም። አንተ ነህ።»

«እግርሽ ትንሽ ከነካ እናገራለሁ። ለማንም አልራራም።»

«ለዚህ ነው አንተን የጠየቅኩህ።»

ኦሊያድ የጎዶሎን ኮርቻ በመዳፉ እየጠረገ ቆየ። ቁጣው ከፊቱ አልጠፋም፤ ግን አንድ ሊጠይቅ የፈለገው ነገር ያዘው። «መንገድ ላይ ለቅሶ ቢያጋጥምሽስ?»

«እወርዳለሁ» አለች ነዕማ። «አንተም አበቃ ትላለህ።»

ኦሊያድ አየት አደረጋትና ስንት ሰዓት እንደሚነሱ ጠየቃት።